ከአልበሙ የተረፈው ኮንሰርት

እንግሊዛዊው የጃዝ ሮክ ባንድ ሶፍት ማሽን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1970 በደቡብ ለንደን ክሮይደን፣ ፌርፊልድ ሆልስ አዳራሽ ውስጥ ሲጫወት የቴፕ ክር እየዞረ ነበር። ከዚያ ምሽት ግን ለብዙ ዓመታት አድማጭ ጆሮ የደረሰው ቁራጭ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም «ሰርድ» በ«ፌስሊፍት» ይከፈታል። ወደ 19 ደቂቃ የሚጠጋው ይህ ሥራ የክሮይደኑ ምሽትና ከሳምንት በኋላ በርሚንግሃም ውስጥ የተቀረጸው ተቆርጠው የተቀጣጠሉበት ነው። አድማጩ መድረክ ላይ የተጫወቱትን እንዳለ የሰማ ይመስለዋል፤ የሰማው ግን በመቀስ የተሠራ ጥንቅር ነው።

የተቀረው ኮንሰርት 30 ዓመት ቆይቶ በ2000 «ኗዜት» በሚል ርዕስ ወጣ። ያሳተመው ኩኒፎርም የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ሲሆን መቀመጫው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። «ፌስሊፍት» እዚህ የለም፤ ድርሻው ቀድሞ ሄዷል።

እንዲህ ያለውን የማኅደር ቅጂ የቀናተኛ ሰብሳቢዎች ጣጣ አድርገው የሚያጣጥሉ አሉ። አልፎ አልፎ እውነት አላቸው። በ«ኗዜት» ላይ ግን ተሳስተዋል።

በዚያ ምሽት መድረኩ ላይ የነበሩት አምስት ናቸው፦ ማይክ ራትሌጅ በኦርጋን፣ ሂው ሆፐር በቤዝ ጊታር፣ ሮበርት ዋያት በድራምና በድምፅ፣ ኤልተን ዲንና ሊን ዶብሰን በትንፋሽ መሣሪያዎች። (ሬጂናልድ ድዋይት የተባለው ወጣት ኤልተን ጆን ሲሆን «ኤልተን»ን የወሰደው ከዚሁ ሳክስፎን ተጫዋች ነው።) ዶብሰን በባንዱ የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ የቀሩት የ«ሰርድ» ሥራዎች በጸደዩ ስቱዲዮ ሲቀረጹ ሄዷል። ስለዚህ ይህ የአምስት ሰው ስብስብ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ መድረክ ቅጂ ከመሄድ ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም።

ራትሌጅን ልብ ብሎ ማዳመጥ ይገባል። የሎውሪ ኦርጋኑን ድምፁን በሚያሻክር ፈዝ መሣሪያ አሳልፎ እስከ ጥግ ይከፍተዋል። ጣቱን ከቁልፎቹ ካነሳ ኦርጋኑ ራሱን በራሱ ይጮሃል፤ ስለዚህ አያነሳም። አንዱን ኖታ ሳይለቅ ሌላውን ይይዛል፤ ዜማውም ትንፋሽ ሳይወስድ ይንደረደራል። የባንዱ መታወቂያ የሆነው ይህ አጨዋወት ከድምፅ ማጉያ ችግር የተወለደ ነው፤ ችግሩ ደግሞ በደንብ የሚሰማው መድረክ ላይ ነው።

ዋያትም አለ። «ሰርድ» ላይ የእሱ «ሙን ኢን ጁን» አንድ ሙሉ የሸክላ ገጽ ይይዛል፤ አብዛኛውን ክፍል የሠራውም ብቻውን ነው። ክሮይደን ላይ ከግማሽ በታች አጥሯል። ድምፃዊው በገዛ ባንዱ ውስጥ ቦታ እየጠበበው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። በ1971 ለቀቀ።

እርግጥ የተገኘ ክር ሁሉ ይታተም ማለት አይደለም። ከሶፍት ማሽን ብቻ በ1970 የፕሮምስ ፌስቲቫል የተቀረጸው፣ የብሬመኑ «ቨርቹዋሊ»፣ የአምስተርዳሙ «ግራይድስ» ተከታትለው ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ ሥራዎችም ይደጋገማሉ። አሳታሚ ቢያንስ ቀኑን፣ ቦታውንና የተጫዋቾቹን ስም በግልጽ ማስፈር አለበት፤ ይህ ከሌለ ገዢው የሚከፍለው ለማያውቀው ነገር ነው። ድምፁን ለማጥራት ሲባል የአዳራሹን ጉርምርምታ ጠራርጎ ማጥፋትም ከመቀሱ ሥራ አይለይም።

ለባንዱ አዲስ የሆነ አንባቢ በ«ኗዜት» ባይጀምር ይሻለዋል። መጀመሪያ የ«ሰርድ»ን «ፌስሊፍት» ይስማ፤ ከወደደው ወደ ክሮይደን ይሻገር። ካልወደደው ገንዘቡን ይቆጥብ።