ሰነፍ የተባለው ሰፈር

ደብረ ማርቆስ ላይ የኪራይ ቤት ስናፈላልግ የእኔና የባለቤቴ ልብ ለሁለት ሰፈር ተከፈለ። አንዱ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያለው የጥንቱ የጭቃ ቤት መንደር ነው። ሌላው ከከተማው ዳር፣ በማኅበር ቦታ ተመርቶ የተሠራው የብሎኬት ሰፈር። ደላላችን አላመነታም። «ጋሼ፣ አሮጌው ሰፈር ይቅርብዎ። ሰዉ ሰነፍ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቆርቆሮ አልቀየረም!»

እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው። ጭቃውን፣ የቦዩን ሽታ፣ የጋራውን ሽንት ቤት ማንም ያየዋል፤ እኔም አልክድም። ግን ሰነፍ? እስቲ የማንን ቤት ቆርቆሮ ነው የሚቀይረው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለድኻው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም በጥቂት ብር መሐል ከተማ የሚኖሩ ባልቴቶች አሉ። ነገር ግን ጥቂት ብር ጣራ አያሳድስም። ተከራዩስ ከጉሮሮው ነጥቆ ቢያሳድሰው፣ አይሸጠው አይለውጠው!

እኛ ያየነው ቤት የግለሰብ ነው፤ የጎረቤቱ ግን የቀበሌ። እማማ ቡና አፍልተው ጠሩንና፣ «ልጄ፣ ማገሩን ላስጠግን ፈቃድ ስለምን ሁለት ክረምት አለፈኝ» አሉኝ።

ወደ ብሎኬቱ ሰፈር ደግሞ ሄድን። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ማታ ባጃጅ ደፍሮ አይገባም። ቤቶቹ ግን አጥራቸው የተቀባ፣ ደጃቸው አበባ የተተከለበት ነው። አንዱን ባለቤት ሳዋራው፣ ለካስ ያደገው እዚያው «ሰነፍ» ሰፈር፣ ከእማማ ቤት ፊት ለፊት ኖሯል! ሴራሚክ መግዛት የጀመረው ካርታው እጁ ከገባ ወዲህ ነው።

«አሮጌ ሰፈር ይፍረስ» የምትሉ ሹማምንት፣ እስቲ አስቀድማችሁ ለተከራዩ የጥገና ፈቃድ ስጡት፤ ያወጣውን ቁጠሩለት፤ ከቻላችሁም ቤቱን በረጅም ጊዜ ክፍያ ሽጡለት። ስንፍናውን ያን ጊዜ እናየዋለን።

አሮጌውን ሰፈር መረጥን። ሰኔ ሳይገባ አከራያችን ጣራችንን አስቀየረልን፤ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ። የእማማ ጣራ ከእኛው ጋር የተያያዘ ነው። አናጢው እስከ ድንበሩ ድረስ መትቶ ቆመና መዶሻውን ከቀበቶው ሻጠ።

«ይኼኛውን አልነካም፤ የቀበሌ ነው» አለ።