በሰው እምነት ምን አገባን?

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሴት ተማሪዎች ሂጃብ ለብሳችኋል ተብለው ከትምህርት ቤት ደጅ ተመለሱ። እንዴ! ፀጉሯን የሸፈነች ልጅ ሂሳብ አይገባትም ያለው ማነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ሲል መምህሩ እንዳይሰብክ ነው እንጂ፣ ልጅቷ እምነቷን ደጅ ጥላ እንድትገባ አይደለም። አንቀጽ 27 ደግሞ ልጆቹን በእምነቱ የማሳደግን መብት ለወላጅ ሰጥቷል።

ቤትም ያው ነው። አንዳችን ማኅበር እየጠጣን፣ ሌላችን መውሊድ እያከበርን ኖረን፣ ዛሬ ጎረቤት በሳሎኑ ለጸሎት ሲሰበሰብ «ይከልከልልን» የሚል አቤቱታ ምን አመጣው? ነግ በኔ ነው! ከእንግዲህ ስለ ጩኸት አቤቱታ ያለው ይምጣ፣ እንሰማለን፤ በሰው እምነት ላይ ግን አንቀበልም።

የማኅበሩ ጸሐፊ