«ሌላው ሁሉ» ውርጭ አይደለም

ከዓባይ ሸለቆ ተነሥቶ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ቦረና ሳይንት ተራሮች የሚወጣ ተመራማሪ ከቆላ እስከ ውርጭ ያለውን የአየር ንብረት ሁሉ ያቋርጣል። መረጃው ሲመደብ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ኮድ ይህን ይመስላል፦ ከ1500 ሜትር በታች ቆላ፣ ከ2300 በታች ወይና ደጋ፣ ከ3200 በታች ደጋ፣ ሌላው ሁሉ ውርጭ።

አደጋው ከመጨረሻው ሐረግ ላይ ነው። ከፍታው ያልተመዘገበ ማሳ በፓይተን ለሦስቱም ጥያቄዎች «ሐሰት» የሚል መልስ ስለሚያገኝ ያለ ማስጠንቀቂያ ውርጭ ይሆናል። ስታታም የጎደለን ዋጋ ከማንኛውም ቁጥር አስበልጦ ስለሚቆጥር ወደዚያው ይጥለዋል። በዚህ መንገድ የቆላ ማሽላ ማሳ ከውርጭ ገብስ ጋር ተደምሮ አማካይ ምርት ይሰላለታል፤ የዘር ምክረ ሐሳብም ይጻፍለታል። በዚህ ላይ ዝናብ በሦስት ደረጃ ተከፍሎ ሲጨመር ምድቦቹ አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ ስሕተቱም ይበልጥ ይሰወራል።

ስለዚህ የጎደለ መረጃ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ውርጭም እንደ ሌሎቹ የራሱ ቅድመ ሁኔታ ይኑረው፤ «ሌላው ሁሉ» የሚለው ላልተጠበቀ ነገር ብቻ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ የቅድመ ሁኔታዎቹ ሰንጠረዥ ከነቅደም ተከተላቸው በጥናት ዘዴው ክፍል ሊወጣ ይገባል። የናሙና አመራረጥን በጥብቅ የሚመረምር አማካሪ ናሙናው የተመደበበትን ሕግ ሳያይ ሊያልፍ አይገባውም።