የወደቀን ሰው ከማንሳታችን በፊት

በዓል ሲደርስ ዶሮ የታረደበት ቤት ልጅ ሁሉ ያየዋል፤ አንገቷ ተቆርጦ እንኳ ዶሮዋ እግሯን ታንፈራግጣለች። «ነፍሷ ገና አልወጣችም» ይባላል። እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ሌላ መልስ አለን፤ ያንን ማወቅ ደግሞ እዚህ ገዳሪፍ የሰው እግር ሊያተርፍ ይችላል ብለን እናምናለን።

አንጎል «ሂድ»፣ «ፍጠን»፣ «ቁም» ይላል። የእርምጃውን ምት የሚመታው ግን በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ነው። በውስጡ ያሉት የነርቭ ሴሎች እንደ ሰሊጥ አጫጆች ዘፈን ይቀባበላሉ። እግር የሚያጥፈውን ጡንቻ የሚያዘው ወገን ሲሠራ የሚዘረጋውን ወገን ዝም ያሰኘዋል፤ ሲደክም ተራው ይለወጣል። ግመልን ልብ በሉ፤ በአንድ ጎን ያሉት የፊትና የኋላ እግሮቿ አብረው ይነሣሉ። አህያ ስትሶመሶም ግን የፊት ቀኟ ከኋላ ግራዋ ጋር ነው። ቅብብሉ እንደ እንስሳው ይለያያል።

ቶማስ ግርሃም ብራውን የተባለ የብሪታንያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1911 ይህን በድመት አሳይቷል። ሕብለ ሰረሰሯ ከአንጎል ተለይቶ፣ ከእግሯ ስሜት የሚያመጡት ነርቮችም ተቆርጠው እንኳ ጡንቻዎቿ እየተፈራረቁ ይኮማተሩ ነበር። አራስ ልጅም ብብቱን ደግፈን እግሩን መሬት ስናስነካው ይራመዳል። (ይህን እናቶቻችን ከመጽሐፍ በፊት ያውቁታል።)

እንግዲህ ወገቡን የተመታ ሰው እግሩ አልታዘዝ ቢለው ምት መቺው ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ የተጎዳው ትእዛዙ የሚወርድበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ክር ከተረፈ ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በስዊዘርላንድ ከዓመታት በፊት የተጎዱ ሰዎች፣ ሕብለ ሰረሰራቸው ላይ በተተከለ የኤሌክትሪክ መሣሪያና በብዙ ልምምድ እንደገና ተራምደዋል። እኛ ዘንድ ያ መሣሪያ የለም። እኛ የምንችለው የተረፈውን ክር አለመበጠስ ነው።

እንበጥሰዋለን ግን። በአጨዳ ወራት በመተማና በጋላባት በኩል የሚመጡ ወንድሞቻችን ጆንያ ላይ ተቀምጠው በሎሪ ሲጓዙ ያላየ የለም። አንዱ ሲወድቅ ሁለት ሰው እጁን፣ ሁለት ሰው እግሩን ይዞ፣ ወገቡን አጉብጦ መኪና ላይ ይጭነዋል። ደግነቱን አናማም። ግን የተሰበረው አጥንት ክሩን የሚቆርጠው ያኔ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ሰውዬው ጭቃ ላይ ይደር?» የሚሉን አባቶች አሉ። አይደር። እሳት ወይም መኪና ካላሰጋው ግን ባለበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እንዳይነቃነቅ ያድርግ፤ የግድ ማንሣት ካስፈለገ አራት አምስት ሆነው ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን ሳያጣምሙ በአንድ ቆጠራ ሳንቃ ላይ ያድርጉት። የገመድ አልጋ ስለሚሰረጉድ አይሆንም።

ይህ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በተግባር እንዲሰጥ፣ ሾፌር የሆናችሁ ወላጆችም አንድ ዓርብ እንድትገኙልን እንጠይቃለን። ለሳንቃው አታስቡ፤ የ7ኛ ክፍል በር ከማጠፊያው ከወለቀ ቆይቷል።