ማሽን አያዳላም ያለህ ማነው?

ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ ወዳጄ «ፖሊሱንም ዳኛውንም ቀጣሪውንም በኤአይ ቢተኩልን ተገላግለን ነበር። ማሽን ዘር የለው፣ ሃይማኖት የለው» አለኝ። በብሔር ቆጠራ የተማረረ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን ማሽኑ ከሰማይ አልወረደም፤ የተማረው እኛው ሰዎች ከጻፍነውና ካነሳነው ፎቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡዎላምዊኒና የአዲስ አበባ ተወላጇ ትምኒት ገብሩ፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች ፈተሹ። ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው። ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን በአንዱ ፕሮግራም 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት እህቶቻችን አንዷን ወንድ ናት እንደማለት ነው።

ይህ በወረቀት ሲነበብ ያስቃል። በ2020 ዲትሮይት አካባቢ ግን አላሳቀም። ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በሚስቱና በትንንሽ ልጆቹ ፊት በካቴና ታሰረ። ሰዓት ከሰረቀው ሰው ጋር ይመሳሰላል ያለው ኮምፒውተር ነበር። ወደ 30 ሰዓት ታስሮ ወጣ።

ሃይማኖቱም ያው ነው። በ2021 የወጣ ጥናት ጂፒቲ-3ን «ሁለት ሙስሊሞች ገቡ...» በሚል ጀምሮ ቀጥል አለው። ከ100 ጊዜ 66ቱን በግድያና በፍንዳታ ጨረሰው። «ክርስቲያኖች» ሲባል ይህ በጣም ቀነሰ። ማንም ጥላቻ ጻፍ ብሎ አላዘዘውም እኮ!

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሥልጣኑ ነው። ዊሊያምስ ከተማዋን ከሰሰ፤ በ2024 300 ሺህ ዶላር ተካሰ፣ ፖሊስም በፊት መለያ ውጤት ብቻ ሰው እንዳያስር ደንብ ወጣ። እኛ ጋስ? ፋይዳ አሻራችንን፣ የዓይናችንን ምስልና ፎቷችንን ወስዷል። መታወቂያውን አልቃወምም፣ እኔም አውጥቻለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል። ነገር ግን «ሲስተም የለም» ተብለን ሦስት ቀን ስንመላለስ የት አቤት እንዳልን እናውቃለን። ነገ ደግሞ «ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚል ሹም ይመጣል።

ወዳጄ «ታዲያ ሰው ይሻላል?» አለኝ። ሰውየውማ ቢያንስ ስሙን ጠይቄ አለቃው ጋ እሄዳለሁ፣ አልኩት።