የበለዘ ጥርስና የጕድጓድ ውኃ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ በተዘረጋው ቆላ የምትኖሩ ውድ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችሁ ጥርስ ነው። ጥርሱ የበለዘበትን ልጅ «አፍህን አትታጠብም» ብሎ መገሠጽ በብዙ ቤት ይሰማል፤ ልጁም አፍሮ ሲሥቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እኛ ግን ከተግሣጹ አስቀድሞ ነገሩ ይመርመር እንላለን።

ጥርስ ከድድ በወጣበት ቀን አይፈጠርም። የወተት ጥርስ ሥራው የሚጀመረው ገና በማኅፀን፥ ፅንሱ 6 ሳምንት ያህል ሲሆነው ነው። ቋሚዎቹ ጥርሶችም በሕፃንነት በመንጋጋ ውስጥ ተሸሽገው ይሠራሉ፤ እስከ 8 ዓመት ገደማ ከመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች በቀር የሁሉም አናት ተሠርቶ ያልቃል።

ሐኪሞች ኢናሜል የሚሉትን የጥርስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ሰው፥ እንደ ነዶ ተጠጋግተው የታሰሩ ቀጫጭን ዘንጎችን ያያል። እነዚህን የሚሠሩት ሕያዋን ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ይጠፋሉ። ስለዚህ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ ኢናሜል ግን እንደገና አይሠራም። ሕዋሳቱ በሥራ ላይ ሳሉ በሚጠጣው ውኃ ፍሎራይድ ከበዛ፥ ሽፋኑ በሚገባ ሳይጠነክር ጥቃቅን ቀዳዳ ይዞ ይቀራል፤ ኋላም ቀለም እየገባበት ይበልዛል።

ፍሎራይድ ከስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አለት ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ይገባል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት ከተመረመሩት ልጆች ከ100 ከ80 የሚበልጡት ይህ ምልክት ታይቶባቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በ1 ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው በተነነ ቍጥር የቀረው ይበረታል። ጥርስን በከሰል ወይም በአሸዋ መፈግፈግም ሽፋኑን ይፍቃል። ሕፃን ጡት ይጥባ፤ በእናት ወተት ያለው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነውና። ጎን ለጎን ያሉ ጕድጓዶች እንኳ ይለያያሉና ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ የምትቀዱትን አስመርምሩ። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ቢገኝ፥ ጥቂትም ቢሆን ከ8 ዓመት በታች ላሉት ይቅደም።

ብልዘት ሁሉ ከውኃ ነው አንልም፤ ይህን ሐኪም ይለየዋል። ነገር ግን ልጁ በአራስነቱ ስለ ጠጣው ውኃ በዐሥር ዓመቱ አይወቀስ።