የሁለት ሰከንድ ፍርድ

ማልኮልም ግላድዌል የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ነበር፤ ኋላ በኒው ዮርከር መጽሔትና በመጻሕፍቱ ስሙ ገነነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው «ብሊንክ» በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች የምንሰጠው ፍርድ ብዙ ከተመከረበት የማያንስበት ጊዜ እንዳለ ይሞግታል። መጽሐፉ ይጣፍጣል፤ የሚጎረብጠኝ የማስረጃው አመራረጥ ነው። ታሪኮቹ መጨረሻቸው ከታወቀ በኋላ የተለቀሙ ናቸው፤ ወሳኙ ሰው ግን መጨረሻውን ሳያውቅ ነው የሚወስነው።

የመክፈቻውን ታሪክ እንይ። በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ለሚገኘው የጌቲ ሙዚየም የጥንት ግሪኮች ሥራ ነው የተባለ የእብነ በረድ ሐውልት በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሽያጭ ቀረበ። የሥነ ምድር ባለሙያ ድንጋዩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምሮ ላዩን የሸፈነው ስስ ንጣፍ ዘመናት ያስቆጠረ ነው ስላለ ሙዚየሙ ገዛው። አንዳንድ የጥበብ ታሪክ አዋቂዎች ግን ገና ሲያዩት ልባቸው አልተቀበለውም። ግላድዌል ድሉን ለእነሱ ዓይን ይሰጣል። ሙዚየሙ ግን ለዓመታት ከሐውልቱ ጋር ያኖረው መግለጫ «ግሪክ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 530 ገደማ፣ ወይም በዘመናችን ተመሳስሎ የተሠራ» የሚል ነበር። ለነገሩ አዋቂዎቹ ልክ ናቸው እንበል፤ ልባቸው እሺ ብሏቸው የተሸወዱት ስንት ናቸው? የእነሱን ታሪክ ማን ይጽፈዋል?

ይህ በደራሲው ላይ ግፍ ነው የሚል አይጠፋም፤ ከፊል እውነት አለው። በዚያው መጽሐፍ አራት ፖሊሶች በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ መሣሪያ ባልያዘው በአማዱ ዲያሎ ላይ 41 ጥይት የተኮሱበት ጉዳይ በሰፊው ተተርኳል። የቅጽበት ፍርድ እንደሚገድልም ደራሲው ያውቃል ማለት ነው። አንባቢ ግን የሚታመነውን ፍርድ ከማይታመነው አስቀድሞ የሚለይበት መስፈሪያ በቅጡ አያገኝም። መስፈሪያውን በ2009 ያስቀመጡት በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ የኖሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን ናቸው፦ ነገሩ ቋሚ ሥርዓት ካለው፣ ባለሙያውም የፍርዱን ውጤት እያየ ብዙ ከተማረ ግምቱ ይታመናል። የቼዝ ተጫዋች ይህ አለው፤ የአክሲዮን ዋጋ ተንባይ ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራም የለውም።

ደረቅ ጥናት ማን ያነባል፣ ጋዜጠኛ ካላጣፈጠው? ልክ ነው። ግን መስፈሪያው ራሱ ለትረካ ይመቻል። የእሳት አደጋ አዛዥ ቢሳሳት እሳቱ እዚያው ይነግረዋል። «ሰው በዓይኔ አውቃለሁ» የሚል ቀጣሪ ግን በአምስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሳይቀጥር የመለሰው ሰው ሌላ ቦታ ምን ያህል እንደሠራ የሚነግረው የለም፤ ስለዚህም በየዓመቱ በራሱ ይበልጥ እየተማመነ ይሄዳል።